የተማሪዎች አገልግሎት ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

ሳይኮ_ምሩቅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፤ ዛሬ ምክር ፈልጌ መጣሁ።

በሳይኮሎጂ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የመውጫ ፈተናውን በአንዴ አልፌያለሁ። ሥራው ግን እንደ ፈተናው ቶሎ አልመጣም። አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ካርድ እሞላለሁ።

ባለፈው ወር አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ላይ ተወዳድሬ "የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ባለሙያ" በሚል መደብ አለፍኩ። ከአዲስ አበባ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ አክስቴ ባንክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አገኘችልኝ። እናቴ ባንኩን ነው የምትለው። "ለዶርም ጠባቂነት ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?" ትለኛለች። ዶርም ጥበቃ አይደለም ብላት አልሰማ አለች። እውነት ለመናገር እኔም በደንብ አላውቀውም። ተማሪ ሳለሁ እዚያ ቢሮ የገባሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ክሊራንስ ለማስፈረም።

ሥራው በየቀኑ ምን ይመስላል? እድገትስ አለው? የሠራችሁበት ንገሩኝ።

ጨዋታ_አዋቂ (2፡16)

ሚል ካርድ፣ ማለትም የካፌ መመገቢያ ካርድ፣ ይሰጡሻል? ከሰጡሽ ምን ትጠይቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ።

ብሎክ_14 (2፡58)

እህቴ፣ እኔ ፕሮክተር ነኝ። 11 ዓመቴ። እናትሽ "ዶርም ጠባቂ" የሚሉት እኔን ነው። አልተቀየምኩም። የገዛ ልጄም ትምህርት ቤት ሲጠይቁት "አባቴ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠራው" ብሎ ነው የሚያልፈው።

የተማሪዎች አገልግሎት ማለት ተማሪው ከክፍል ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ተመልሶ ክፍል እስኪገባ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። መኝታ፣ ምግብ፣ ክሊኒክ፣ ምክር፣ ዲሲፕሊን፣ ክበባት፣ ከተማሪዎች ኅብረት ጋር ያለው ንትርክ። መምህሩ በቀን ሁለት ሰዓት ያየዋል። የቀረውን እኛ ነን የምናየው።

አዲስ ተማሪ የሚገባ ሰሞን እንቅልፍ የሚባል የለም። አውቶቡሶቹ መናኸሪያ የሚደርሱት ሲመሽ ነው። ሚኒስቴሩ የመደበው ልጅ ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ ይመጣል፤ ከወረዳው ወጥቶ የማያውቅ አለ። አንድ ክፍል ስድስት፣ አንዳንዴ ስምንት ሆነው ይገባሉ። ተደራራቢ አልጋ፣ ሎከሩ ለሁለት። አንዱ አማርኛ አይችልም፣ ሌላው ከአማርኛ ውጪ አይችልም። አንዱ በሌሊቱ 11 ሰዓት ለሱብሂ ይነሳል። ሌላው ኪዳን ለማድረስ 12 ሳይሞላ ይወጣል። ሦስተኛው ሲያነብ አድሮ ገና መተኛቱ ነው። ይህን ክፍል ሳይደባደብ ጥር ማድረስ፣ እሱ ነው ሥራው።

አሁን ስለ ወረቀት ልንገርሽ፤ ማንም አይነግርሽም።

አንድ የሁለተኛ ዓመት ልጅ ነበር። አልጋው አራት ቀን ሙሉ እንደተነጠፈ ነው። የክፍሉን ልጆች ስጠይቅ "ላይብረሪ ያድራል" አሉኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሻንጣውን ይዞ በር ላይ አገኘሁት። አባቱ ሞቷል። ጎረቤት በስልክ ነው ያረዳው። ለካ አራቱን ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያደረው። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ "ትምህርቱ በቃኝ፣ ወደ እናቴ ልሂድ" አለ።

"ሂድ፣ ግን ፈርመህ ሂድ" አልኩት። ሻንጣውን ነጥቄ ክፍሌ ቆለፍኩበት። ዊዝድሮዋል ፎርም አለች፣ ትምህርት በሕጋዊ መንገድ የሚቋረጥባት፣ አንዲት ገጽ። ዲፓርትመንት ይፈርማል፣ ላይብረሪ ይፈርማል፣ ፍራሽ የመለሰበት ስቶር ይፈርማል፣ ወጪ መጋራት ይፈርማል፣ ሬጅስትራር ያትማል። አንዱ ቢሮ ሻይ ወጥቷል፣ ሌላው ስብሰባ ነው። ጨርሰን ስንወጣ 9 ሰዓት አልፏል፤ አውቶቡስ የለም። እኔ ቤት አድሮ በማግስቱ ሄደ።

በዓመቱ ተመልሶ ገባ። ወረቀቷ ስላለችው። ሳይሞላ ሄዶ ቢሆን የያዘው ኮርስ ሁሉ ኤፍ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። ተመርቆ ወጣ። ስልክ እንኳ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ይሁን።

በየዓመቱ ይህችን ፎርም ባለማወቅ ብቻ የሚጠፋ ልጅ አለ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ተጨንቆ አውቶቡስ ስለተሳፈረ ነው።

ሒሳብ_በደረቁ (3፡20)

ጋሼ ብሎክ 14 ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ልናገር።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ጭማሪ ነው፣ አልካድኩም። ከእሷ ላይ ኪራይ ቀንሺ፣ ለበዓል አዲስ አበባ የምትመላለሺበትን ቀንሺ፣ ለእናትሽ የምትልኪውን ቀንሺ። የሚተርፍሽን ራስሽ አስይው።

ከደመወዙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ጣሪያው ነው። የተማሪዎች ዲን ወይም ዳይሬክተር ሆኖ የሚሾመው እኔ ባየኋቸው ግቢዎች ሁሉ መምህር ነው። እሱ ሁለትና ሦስት ዓመት ተቀምጦ ለፒኤችዲ ይሄዳል፣ ሌላ መምህር ይመጣል። አንቺ የአስተዳደር ሠራተኛ ነሽ። አሥር ዓመት ሠርተሽ አዲስ ለተሾመ ዲን ሥራ ስታስተምሪ ትገኛለሽ። ባንክ ቢያንስ ከታች የገባ ሰው ቅርንጫፍ ሲመራ አይተናል።

ጨዋታ_አዋቂ (3፡22)

ቅርንጫፍ የሚመራው ዲፖዚት አምጣ ተብሎ ዘመድ ሲለምን አይተናል በል።

ቢሮ_ቁጥር_3 (3፡47)

ሒሳብ በደረቁ ስለ ጣሪያው ያልከው ልክ ነው። እኔ ራሴ አራት ዲን አሳልፌያለሁ። ግን እሷ የጠየቀችው መደብ የእኔ ስለሆነ ልግባበት።

ሳይኮ ምሩቅ፣ መጀመሪያ ቢሮሽ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ እይው። "የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት" የሚል ከሆነ ማንም አይመጣም። እኔ ስድስት ወር ብቻዬን ተቀምጬ አውቃለሁ። ልጆቹ በዚያ በር ሲገቡ ከታዩ "አብዷል" ይባላሉ። ጽሑፉን አንስተን "የተማሪዎች ጉዳይ፣ ቢሮ ቁጥር 3" ብቻ አልን፤ ቢሮውንም ወደ ክሊኒኩ አስጠጋነው። ያኔ መጡ።

ሲመጡ ደግሞ "ጭንቀት አለብኝ" ብሎ የሚገባ አትጠብቂ። "ዶርም ቀይሩልኝ" ነው የሚሉሽ። ይህን ጥያቄ ከሰማሽ ወንበር ስጪ። ከጀርባው ስርቆት ይኖራል፣ ጠብ ይኖራል፣ ጫት የሚቃምበት ክፍል ይኖራል። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከብሎኳ በር ላይ የማይጠፋ አንድ ወንድ ይኖራል። ዝም ብለሽ ዶርም ከቀየርሽላት ችግሩን ከነሻንጣው ነው ያዛወርሽው። አንዷ ሦስት ጊዜ ዶርም ከተቀየረላት በኋላ ነው የገባኝ። ለካ የምትሸሸው የክፍል ጓደኞቿን ሳይሆን በየብሎኩ እየተከታተለ የሚያስፈራራትን ነው። ከሥርዓተ ፆታ ቢሮ ጋር ሆነን ነው የፈታነው። ያንን ቢሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተዋወቂ።

ሌላው ሪሜዲያል ነው፤ የማለፊያ ነጥብ ያላመጡ ልጆች ግቢ ገብተው የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሪሜዲያል ተጀመረ። እነዚህ ልጆች ግቢ ገብተዋል፣ ግን ገና አልገቡም። ሰፈር ውስጥ "ዩኒቨርሲቲ ገባ" ተብሎ ቡና ተፈልቷል፣ የትልልቆቹን ምርቃት ተቀብለዋል። ካላለፉ ተመልሰው በዚያው ሰፈር ሊያልፉ ነው። ምግብ የማይበላ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካየሽ መጀመሪያ "ሪሜዲያል ነህ?" ብለሽ ጠይቂ።

አንድ ምክር ደግሞ። ትምህርት ቤት አያስተምሩትም። ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ከአልጋ አልነሳ ያለ ልጅ ሲያጋጥምሽ ቤተሰብ መጥቶ ጠበል ልውሰደው፣ ዱአ ላስደርግለት ይላል። አትጣይ። ከተጣላሽ ልጁን ይወስዱታል፣ ሐኪምም አያይም። እኔ የምለው አንድ ነው፦ "ጠበሉን ይጠመቅ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።" እናቶች ይስማማሉ። አንድ ቄስ ራሳቸው ኪኒኑን በሰዓቱ ሲያስውጡት አይቻለሁ።

የሚያናድደኝን ልጨምር። ቢሮዬ በኮምፖርሳቶ የተከፈለ ነው። ልጅ ሲያለቅስ ማዶ ያለችው ጸሐፊ ሶፍት ታቀብለኛለች። ሚስጥር የሚባለው ነገር እንዲህ ነው።

ኖንካፌ_ነበርኩ (4፡15)

እኔ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ተማሪ ነበርኩ። ከዚህ ውይይት ውስጥ የቀረ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው። ቲከሯ፣ ካፌ በር ላይ ካርድ የምትቆጣጠረዋ።

ለማታውቁ፦ የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ሆነ። በ2017 ነው 100 የገባው። እኔ የ15 ብር ዘመን ልጅ ነኝ። ካፌ አልበላም ያለ ተማሪ "ኖን ካፌ" ይሆንና ብሩን በወር በወር ይወስዳል፣ ወደ 450 ብር ማለት ነው። ሀብታም ልጆች ሽሮው ስለሰለቻቸው ነው የሚወጡት። እኔ የወጣሁት ብሩን ለታናሽ ወንድሜ ለመላክ ነው። እኔስ ምን እበላለሁ? ዳቦ። ጓደኞቼ በሳህን ከካፌ የሚያወጡልኝ እንጀራ። እሱም ክልክል ነው።

ካፌ በር ላይ ካርድ የምትመታዋ ሴትዮ እኔን ከካፌ ከወጣሁ በኋላም ታየኝ ነበር። ጓደኞቼን እዚያው በር ላይ ስለምጠብቃቸው። አንድ ቀን "አንቺ ልጅ፣ ቀሚስሽ ሰፋ" አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። በማግስቱ ከተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ተጠራሁ። ደንቡ ወደ ካፌ መመለስ የሚቻለው በሴሚስተር መጀመሪያ ብቻ ነው ይል ነበር። እዚያ ያለችው ባለሙያ ደንቡን አነበበችልኝ። ከዚያ ዘጋችውና ማመልከቻ አስጻፈችኝ። ለወንድሜ የምልከውን ብር የማገኝበት ሌላ መንገድም ፈለገችልኝ፤ ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ የመደርደር የሰዓት ሥራ።

ያቺ ባለሙያ ስሜን እንኳ የምታስታውስ አይመስለኝም። ቲከሯ ግን ስመረቅ ጋዋን ለብሼ ፎቶ አብራኝ ተነስታለች።

እውነት_ይነገር (4፡31)

ሁላችሁም ቅዱሳን ሆናችሁ። እኛ ግቢ ፕሮክተር ማለት ወሬ አቀባይ ነበር። ማን ከማን ጋር ተቀመጠ፣ ማን ምን ተናገረ። በ2012 ግርግር ጊዜ የክፍላችንን ልጅ ስም ያስያዘው ማን ሆነና?

ብሎክ_14 (4፡52)

ወንድሜ፣ የለም አልልህም። የሚያቀብል ነበር። በዚያ ዓመት ብዙ ግቢ ታምሷል፣ ወላጅ እየመጣ ልጁን ጭኖ ሄዷል። እኔ በዚያ ሰሞን የሠራሁት አልጋ መቁጠር ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ በየክፍሉ እየዞርኩ፣ በስም። ስልኬ አላረፈም፤ ከመቀሌም፣ ከወለጋም፣ ከጎንደርም ይደወላል። "ልጄ አለ?" አለ። "አየኸው?" አየሁት። "ድምፁን አሰማኝ።" ክፍሉ ሄጄ አቀብለዋለሁ። የስም ዝርዝር አምጡ ያለንም ነበር። እኔ ያለኝ ዝርዝር የፍራሽ ነው አልኩ። በዚህ ምክንያት አንድ እርከን አምልጦኛል ብዬ አስባለሁ፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም።

ሳይኮ ምሩቅ፣ ይህም የሥራው አካል ነው። ምክር ክፍል ደግሞ ከእኔ የባሰ ይጠየቃል፣ ሚስጥሩ እዚያ ስለሆነ። የልጆቹን ጉዳይ የምትጽፊበት ደብተር የሚቆለፍበት ሳጥን በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ። ካልሰጡሽ ከኪስሽ ግዢ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡05)

እዚህ ገና ምሽት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተማሪ አማካሪ ነኝ። የአገሬ ልጆች ብዙ አሉ፤ አንዳንዴ ጠዋት በአማርኛ ጀምሬ ማታ በአማርኛ እጨርሳለሁ።

ዶርም የለንም። ተማሪዎቼ ሌሊት ፓርኪንግ ወይም ነርሲንግ ሆም ሠርተው ጠዋት ክፍል የሚገቡ ናቸው። የእኔ ሥራ ኮርስ ማስመረጥ፣ ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ክፍያ ድጋፍ ማመልከቻ) ማስሞላት፣ "ድሮፕ አድርገው፣ ኤፍ ከሚሆን" ማለት ነው። ጋሼ ብሎክ 14 የተናገሩትን ዊዝድሮዋል ሳነብ ሳቄ መጣ። እዚህም ልጁን የሚያጠፋው ቀኑ ያለፈበት ፎርም ነው። ርሃቡም አለ። ብዙ ኮሌጅ የራሱ የምግብ መደርደሪያ አለው፤ ተማሪው ቦርሳውን ይዞ መጥቶ ፓስታና የቆርቆሮ ምግብ ይወስዳል። የእኛ ልጆች ግን አይሄዱም። ይሉኝታ። እኔ ነኝ "ለጓደኛህ ውሰድለት" እያልኩ የማሲዛቸው።

ልዩነቱ ወላጅ ላይ ነው። እዚህ ፌርፓ የሚባል ሕግ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ። የኮሌጅ ተማሪ መረጃ የራሱ ነው። እኛ ቢሮ ልጁ በፊርማው ካልፈቀደ ለአባቱ ትንፍሽ አንልም። አንድ አባት ታክሲውን በር ላይ አቁመው መጡ። "ልጄ ስንት አመጣ?" "አባቴ፣ መናገር አልችልም።" "እኔ እየከፈልኩ?" "አዎ።" "ኢትዮጵያዊት አይደለሽም እንዴ?" ነኝ። እሱ ነው የከበደኝ። በኋላ ልጁን ጠርቼ "አባትህን ይዘህ ና፣ ራስህ ንገራቸው" አልኩት። ይዞ መጣ፣ ነገራቸው። ዝም ብለው ሄዱ።

እድገት ለጠየቅሽው፦ እዚህ ለብቻው የሚጠና ሙያ ነው፣ ማስተርስ አለው። አብዛኛው ማስታወቂያ ያንን ይጠይቃል። አገር ቤት ሠርተሽ አንድ ቀን ለትምህርት ብትወጪ የሚጠይቁሽ ስንት ተማሪ፣ ምን ችግር፣ ምን አደረግሽ የሚለውን ነው። ስለዚህ ስም ሳትጠሪ ከመጀመሪያው ቀን ጻፊ። እኔ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሠርቼ አንድ ወረቀት አልያዝኩም፤ ከዜሮ ነው የጀመርኩት።

ሳይኮ_ምሩቅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40)

እግዜር ይስጣችሁ፣ ሌሊቱን ሳነበው ነው ያደርኩት። እናቴንም አስነበብኳት። የቲከሯ ታሪክ ላይ ስትደርስ መነጽሯን አወለቀች፤ "ቢሆንም ሩቅ ነው" አለች።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ማታ ማታ እጠራለሁ? ብቻዬን ለምኖር ሴትስ ከተማው እንዴት ነው?

ቢሮ_ቁጥር_3 (2፡15)

በወረቀት ሥራሽ የቀን ነው። ስልክሽ ግን የማታ ነው። ሁለት ቁጥር ያዢ፣ አንዱን 3 ሰዓት ላይ አጥፊው። ለሴቶች ብሎክ ፕሮክተሮች ግን ያልጠፋውን ስጪ። እነሱ በከንቱ አይደውሉም። ፈተና ሰሞንና የመውጫ ፈተና ውጤት የሚወጣ ቀን አጥፍተሽ መተኛት አትችዪም፤ ከ50 በታች ያመጣ ልጅ ለቤተሰቡ ከመደወሉ በፊት አንድ ሰው አጠገቡ ይፈልጋል።

ቤት ብቻሽን አትከራዪ። ሁለት ሴት መምህራን አብረው የያዙት ግቢ አይጠፋም፣ ጠይቂ። የጾም ሰሞን ደግሞ ካፌውን እይው። በረመዳን ለሱሁርና ለአፍጥር የሚሰናዳው፣ በሁዳዴ የጾሙ ወጥ ለብቻ የሚወጣው፣ ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ዓመት ወጥ ቤቱ አያድርስ ነው። እዚያ ቆመሽ ያገዝሽ ቀን ልጆቹ ያውቁሻል። በር ላይ ከምትለጥፊው ወረቀት ያ ይሻላል።

ሒሳብ_በደረቁ (2፡30)

እኔ አሁንም ባንኩን ነው የምለው። ግን ከሄድሽ ሁለተኛ ዲግሪውን በክረምት መርሐ ግብር ቶሎ ጀምሪ። እሱን ይዘሽ ወደ መምህርነት ካለፍሽ፣ ያኔ የተማሪዎች ዲን የሚሆነው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሆናል። ለለውጥ ያህል።

የሦስት_ልጆች_እናት (3፡05)

ልጄ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ከእኔ በጣም ሩቅ። የፕሮክተሯ ቁጥር ስልኬ ላይ "የልጄ ሰፈር" ተብሎ ነው የተመዘገበው። ባለፈው ልጄ ወባ ይዟት ክሊኒክ ስትተኛ የደወለችልኝ እሷ ናት። በሶ ልኬላት ነበር፣ "ለልጆቹ አካፈልኩት" አለችኝ። ለራሷ ሳታስቀር።

ለእናትሽ ንገሪያት፤ ልጇን አሳልፋ ስትሰጥ ሌላዋ እናት ታርፋለች።

ሳይኮ_ምሩቅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20)

ደብዳቤዬን ተቀበልኩ። እናቴ አልተስማማችም፣ አልከለከለችምም። ብርድ ልብስ ገዝታ መጣች፣ እኔ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም። ለአክስቴ ገና አልነገርኳትም። ሰኞ ሪፖርት አድርጊ ብለውኛል። ጋሼ ብሎክ 14፣ ሲያወሩ ሳነብ እኔ የተመደብኩበት ግቢ መሰለኝ። በሩ ላይ ትልቅ ዋርካ አለ?

ብሎክ_14 (1፡45)

አለ። አንዱ ቅርንጫፍ ክረምት ሲመጣ መብራት ይቆርጥብናል።

ሰኞ ከሆነ የምትመጪው ቢሮ አትፈልጊኝ። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሊገቡብን ስለሆነ ዶርም እያጸዳን ነው። ብሎክ 14 ምድር ቤት፣ ፍራሽ ስቆጥር ታገኚኛለሽ። ጫማሽ የሚታጠብ ይሁን።